ማሽኑ አልቀወሰም

ላብራቶሪ ውስጥ ቁጥር ሲያስደነግጥ መጀመሪያ የሚታማው ማሽኑ ነው።

ከጥልቅ ባሕር ወለል ተቆፍሮ በወጣ ደለል ውስጥ የካርቦን አይሶቶፕ፣ ማለትም በክብደት የሚለያዩ የካርቦን ዓይነቶችን፣ እየለካን ነበር። የደለሉ ዕድሜ 56 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ፣ «ማሽኑ ቀውሷል፤ እነዚህን ልሰርዛቸው» አለኝ። በአንዳንዶቹ ናሙናዎች ከበድ ያለው የካርቦን ዓይነት፣ የካርቦን 13 ድርሻ በጣም ወርዷል።

ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። ናሙናው አሲድ ሲነካው የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ከሆነ ንባቡ አይታመንም። «ቆይ፣ ምንም እንዳትነካ» አልኩት። በየመሀሉ የገቡትን ስታንዳርዶች፣ ማለትም ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻዎችን አየን፤ ልክ ናቸው። ናሙናዎቹን ደግሞ የምናስገባው ሆን ብለን ተራቸውን አደባልቀን ነው። ችግሩ የማሽን ቢሆን ኖሮ ስህተቱ የገቡበትን ተራ ይከተል ነበር። በጥልቀት ስንደረድራቸው ግን ዝቅተኞቹ ቁጥሮች አንድ ቦታ ተሰበሰቡ። ድንገት የሚያሽቆለቁል፣ ከዚያ ቀስ እያለ የሚያገግም መስመር ወጣ። ማሽን ናሙናው ከየትኛው ጥልቀት እንደመጣ በምን ያውቃል?

ወደ ደለሉ ወሰድኩት። ነጣ ያለው ክፍል ላይ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ይፍለቀለቃል፤ የደቃቅ ባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ሞልቶበታል። ከበላዩ ያለው ቀላ ያለ ቡናማ ሸክላ ላይ ጠብ አደረግን። ዝም። የባሕሩ ውሃ አሲድነቱ ጨምሮ ቅርፊቱን አሟሙቶታል።

የወረደው ካርቦን 13ም የሟሟው ቅርፊትም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ካርቦን ወደ አየርና ወደ ባሕር ገብቷል። ካርቦኑ ከየት መጣ? ያኔ ግሪንላንድ ከአውሮፓ እየተላቀቀ፣ በሰሜን አትላንቲክ ቅልጥ ዐለት በገፍ ይወጣ ነበር። የእሳተ ገሞራ ጋዝ ብቻውን ካርቦን 13ን እንዲህ አያወርድም። ቅልጡ ዐለት ግን የጥንት ሕይወት ቅሪት በሞላበት ደለል ውስጥ ሰርጎ አበሰለው። ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጣ። ዕፅዋት ቀለል ያለውን ካርቦን 12 ስለሚመርጡ፣ ከእነሱ የሚመጣ ካርቦን 13 ያንሰዋል። ብዙ ተመራማሪዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት እዚህ ላይ ነው። ምድር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቀች። ለማገገም ከ100,000 ዓመት በላይ ፈጀባት። ዛሬ እኛ ካርቦን የምንለቀው ከዚያ በሚበልጥ ፍጥነት መሆኑን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ባልደረባዬ ጋዛቸው ጥቂት የነበሩትን ናሙናዎች መጠናቸውን ጨምሮ ደግሞ ለካቸው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ እኛ ጋ በጥልቀት ሳይደረደር የሚሰረዝ ቁጥር የለም።