ጉድ የሠራኝ ያላመመኝ ቦታ ነው

ጅማ መርካቶ ቦምቦሊኖ እየጠበስኩ ነው የምተዳደረው። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ነፋስ ሸራውን ሲጥልብኝ መጥበሻው ተገለበጠና የፈላው ዘይት ግራ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ጎረቤቶቼ ተሯሯጡ፤ አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ ቅቤ ይዛ መጣች። ሁለቱንም ተቀባሁ። ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ማፍሰስ ነበር የሚሻለኝ፤ ያውም በጅማ ክረምት፣ ባልዲው አጠገቤ ሞልቶ እየፈሰሰ!

በማግስቱ ክንዴ ሁለት መልክ ያዘ። ዳር ዳሩ ውኃ ቋጥሯል፤ ነጠላ ሲነካው እንኳ ያስጮኸኛል። መሐሉ ላይ ግን የመዳፌን ግማሽ የሚያህል ቦታ ነጥቶ፣ ደርቆ ቁርበት መስሏል። በጥፍሬ ብነካው ምንም አይሰማኝም። «ይሄኛውስ ተርፏል» አልኩ።

ጤና ጣቢያ የተቀበለኝ ባለሙያ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

«መሐሉ ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ጥሩ ነው።»

ቅባት ጻፈልኝና ከሳምንት በኋላ ተመለሽ አለኝ። ያቺ «ጥሩ ነው» እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። እኔም ብሆን ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት፤ ቀጠሮዬንም በሥራ ሰበብ አሳለፍኩት።

በ12ኛው ቀን መሽተት ሲጀምር ሆስፒታል ሄድኩ። አንዲት ሲስተር የካርዴ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሦስት መስመር አሰመረችልኝ፤ የቆዳ ንብርብሮች መሆናቸው ነው። ላዩ እንደ ወረቀት የሳሳው ኤፒደርሚስ ነው፤ ደም ሥር የለውም፣ ከሥሩ በሚወጡ ሴሎች በወር ገደማ ይታደሳል። ቀለማችንን የሚሰጡትም ሴሎች እዚያው ግርጌ ናቸው። ቀጥሎ ደርሚስ፤ ደም ሥሩ፣ የነርቭ ጫፉ፣ የላብ ዕጢው፣ የፀጉር ሥሩ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከዚያ ስብ። ውኃ የቋጠረው ዳር ያሳመመኝ ነርቮቹ በሕይወት ስላሉ ነው። መሐሉ ዝም ያለው ግን የሚጮህ ነርቭ ስላልቀረው ነው። አዲስ ቆዳ ደግሞ ከቁስሉ ዳርና ከተረፉት የፀጉር ሥሮች ነው የሚነሳው፤ የኔ መሐል አንድም አልተረፈለትም። ይህን ስትነግረኝ እንባዬ መጣ፤ ከሕመሙ ይልቅ ንዴቱ ነው ያስለቀሰኝ።

የቆዳ ንቅለ ተከላ ተደረገልኝ። ከጭኔ ስስ ሽፋን ላጡና ክንዴ ላይ አደረጉት። ጭኔ በሁለት ሳምንት ገደማ ዳነ፤ የፀጉር ሥሮቹ ከታች ስለቀሩ ነው።

ከሳምንት በኋላ ተመለሱ ቢሏችሁም ነጥቶ የማያም ቃጠሎ ይዛችሁ አንድ ቀን አትደሩ፤ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ሂዱ። ውኃ የቋጠረውንም አታፍርጡት።

ዛሬም እዚያው እጠብሳለሁ። እሳቱ ሲበረታ ክንዴ በላብ ይርሳል፤ ያቺ ቦታ ብቻ ደረቅ ናት። የላብ ዕጢ አብሯት አልመጣም። ማታ ማታ ቫዝሊን እቀባታለሁ።