የሚወድቅን ዕቃ ከላይ ማስቀረት

በግንባታ ቦታ ዕቃ ወድቆ ሰው ሲጎዳ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ሄልሜት አድርጎ ነበር ወይ?» የሚል ነው። መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም ቅድሚያ ማግኘቱ ያሳዝነኛል፤ ኃላፊነቱን ሁሉ ከታች በነበረው ሠራተኛ ላይ ይጥልና ዕቃው ለምን እንደወደቀ ሳይጠየቅ ይቀራልና።

ግማሽ ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ20 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ 2 ሰከንድ ያህል ቆይቶ መሬት ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጩኸት የሰማ ሰው ደግሞ በደመ ነፍስ ቀና ስለሚል ፊቱን ለአደጋው ያጋልጣል። ኢኤን 397 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት ሄልሜትን የሚፈትነው 5 ኪሎ ግራም ክብደት ከ1 ሜትር ከፍታ በመጣል ሲሆን፣ የዚያ መዶሻ ምት ግን የዚህን እጥፍ ያህል ጉልበት አለው። ትከሻንና አንገትንማ ሄልሜት ፈጽሞ አይሸፍንም። ስለዚህ ሄልሜት የግድ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚቀር የመጨረሻ መከላከያ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ከላይ ነው። በመወጣጫው ጣውላ ጠርዝ ላይ የተተወን የብረት ማያያዣ ለመጣል የአንድ አላፊ የጫማ ጫፍ ይበቃል። ጠርዙ ላይ የሚገጠም ዝቅተኛ መከለያ ይህን ያስቀራል፤ ብሎኬት ከመከለያው በላይ ከተደረደረ ግን መረብ ካልተዘረጋ በቀር ጥቅሙ ያበቃል። የእጅ መሣሪያም በገመድ ከቀበቶ ጋር ሊታሰር ይገባዋል። የወደቀ ዕቃ ከመወጣጫው ብረት ጋር ተላትሞ ራቅ ብሎ ሊያርፍ ስለሚችል፣ ከታች የሚከለለው ቦታ ከጠርዙ ሥር ብቻ መሆን የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ሲባል አናጺዎች ፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚሞላበትን ጊዜያዊ ቅርጽ) ከሚያፈርሱበት በታች ሌሎች ሠራተኞችን ማሰማራት ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን የፎርማኑ ውሳኔ ነው፤ የታችኞቹ ሥራ የላይኞቹ እስኪጨርሱ ሊቆይ ይችላል።

ራሱን የተመታ ሰው ወዲያው ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ወደ ሥራው መመለስ የለበትም፤ በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም ምልክቱን ከሰዓታት በኋላ ሊያሳይ ይችላል። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስታወከ ወይም ከተለመደው ውጭ እንቅልፍ ከተጫጫነው ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ አለበት። የተመታው ሄልሜትም ስንጥቅ ባይታይበት እንኳ ዳግመኛ ለማንም አይሰጥም።