ጌምና ቪአር በሊኑክስ፦ ዳታ እየቆጠቡ፣ መብራት እየጠበቁ

የዊንዶውስ ጌሞችንና ቪአርን (በመነጽር የሚታይ ምናባዊ ዓለም) ሊኑክስ ላይ የሞከርንባቸው ማሽኖች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ያሉት ፒያሳ አካባቢ ነው። አንዱ ዴስክቶፕ፦ ራይዘን 5 3600፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 8 ጊጋባይት ራዲዮን አርኤክስ 6600፣ ፌዶራ ሊኑክስ ከኬዲኢ ገጽታ ጋር። ሌላው አዲስ አበባ ውስጥ ዩዝድ ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ የማይጠፋው ዓይነት ነው፦ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ኢንቴል ኤችዲ 4400፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ኡቡንቱ 24.04። የቪአር መነጽሩ የሜታ ኩዌስት 2 ነው።

መጀመሪያ ቩልካን

«ይሄ ጌም ሊኑክስ ላይ ይሠራል ወይ?» ከማለት በፊት «ካርዴ የትኛውን ቩልካን ያውቃል?» ማለት ይቀድማል፤ ቩልካን ጌም ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ነው። የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ፕሮቶን፣ የጌም መደብሩ የስቲም ባለቤት ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው፣ በውስጡ ዋይንን ይዟል፤ ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚጠይቀውን ሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያስፈጽማል። የግራፊክሱ ሥራ ግን የሌሎች ሁለት ነው። ዲኤክስቪኬ ከዳይሬክትኤክስ (የዊንዶውስ ጌሞች የግራፊክስ ቋንቋ) 8 እስከ 11 ያለውን፣ ቪኬዲ3ዲ-ፕሮቶን ደግሞ ዳይሬክትኤክስ 12ን ወደ ቩልካን ይቀይራሉ። ካርዱ ቩልካን ላይ ደካማ ከሆነ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት አያድንም።

ከፕሮቶን 8 ጀምሮ ያለው ዲኤክስቪኬ 2 ነው፤ እሱ ደግሞ ቩልካን 1.3 ካላገኘ አይነሳም። ለማጣራት ቩልካን-ቱልስ የሚባለውን ጥቅል ጫኑና ተርሚናል ላይ ቩልካንኢንፎን ከሰመሪ አማራጩ ጋር አስኪዱ። የካርዱ ስምና የሚያውቀው የቩልካን ቁጥር (ኤፒአይ የሚለው) ይወጣል። በካርዱ ስም ቦታ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ብቻ ከመጣ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ነው። ስዕሉን እየሠራ ያለው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ ጌሙ እንደ ስላይድ ሾው ቢሄድ አይግረማችሁ።

የኤችዲ 4400 የቩልካን ድጋፍ ያልተሟላ ነው፤ ድራይቨሩ ራሱ ሲነሳ ይህንኑ እያስጠነቀቀ ነው የሚነሳው። መውጫው ቩልካንን ትቶ ከእሱ በቀደመው የግራፊክስ ቋንቋ፣ በኦፕንጂኤል፣ መሄድ ነው። ስቲም ውስጥ ጌሙ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሎንች ኦፕሽንስ የሚለው ሳጥን። እዚያ ፕሮቶን፣ ዩዝ፣ ዋይንዲ3ዲ የሚሉትን ሦስት ቃላት በትልልቁ የላቲን ፊደል፣ በአንደርስኮር አያይዛችሁ ትጽፉና እኩል ይሆናል 1 ትላላችሁ፤ ቦታ ዘላችሁ «ኮማንድ» የሚለውን በሁለት የፐርሰንት ምልክት መሃል ታስገባላችሁ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህቺን የመጨረሻዋን ነው፤ እሷ ከሌለች ስቲም የጻፋችሁትን ለጌሙ እንደ ትእዛዝ አድርጎ ያቀብለዋል እንጂ ለፕሮቶን አይደርስም። ይህ መንገድ ለዳይሬክትኤክስ 9 ዘመን ጌሞች ይበቃል፤ ለአዲሶቹ ላፕቶፑን አታድክሙት።

ኤንቪዲያ ለምትገዙ፦ የጂቲኤክስ 600 እና 700 ካርዶች አብዛኞቹ ኬፕለር የሚባለው የቺፕ ትውልድ ናቸው። ድራይቨራቸው 470 ላይ ቆሟል፣ ቩልካናቸውም 1.2 ላይ ነው፤ ስለዚህ ከፕሮቶን 7 አያልፉም። 750 እና 750 ቲአይ ግን ስማቸው 700 ይሁን እንጂ ውስጣቸው ቀጣዩ ትውልድ ማክስዌል ነው፣ ቩልካን 1.3 ያውቃሉ። በዚያው ገንዘብ ኬፕለርና 750 ከቀረቡላችሁ 750ውን ውሰዱ፣ ጥያቄ የለውም። ማክስዌልና ፓስካል፣ ማለትም እስከ 1080 ቲአይ ያሉት፣ የመጨረሻ ድራይቨራቸው የ580 መስመር ነው፤ ሲስተሙን ስታሻሽሉ ወደ አዲሱ እንዳይዘል ተጠንቀቁ። ራዲዮን ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፣ ድራይቨሩ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል። እኛን ቢጠይቁን ለሊኑክስ የሚገዛ ሰው ቀዩን ካርድ፣ ራዲዮንን፣ ይግዛ።

ስቲምና የዲስክ ጣጣ

ኡቡንቱ ላይ አፕ ሴንተሩ የሚያቀርብላችሁ በስናፕ (የኡቡንቱ የፕሮግራም ማሸጊያ) የታሸገ ስቲም ነው። እሱን ተዉት፤ ከስቲም ገጽ የሚወርደውን የዴብ ፋይል ጫኑ። የቫልቭ ሰዎች ራሳቸው ስናፑን አይመክሩትም። አብሮ ስቲም-ዲቫይስስ የሚባለው ጥቅል ይጫን፤ ጆይስቲክና የቪአር ዕቃ ያለ ሩት (አስተዳዳሪ) ፈቃድ እንዲነበብ የሚያደርገው እሱ ነው። ጆይስቲኩ ሲሰካ መብራቱ በርቶ ጌሙ ውስጥ የማይታይ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

አሁን ከሁሉ የሚበዛው ስህተት። ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላይ የጫነ ሰው «ጌሞቼ ዲ ላይ አሉ፣ እንደገና ለምን ላውርድ?» ይልና በዊንዶውሱ የፋይል ሥርዓት፣ በኤንቲኤፍኤስ፣ ያለውን ፓርቲሽን ስቲም ላይ ይጨምራል። ስቲም ይቀበላል። ጌሙም ተጭኗል ይላል። ፕለይ ሲባል አዝራሩ አረንጓዴ ሆኖ ሰማያዊ ይሆናል፣ ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል፤ ምንም የስህተት መልእክት የለም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ፕሮቶን ለእያንዳንዱ ጌም ኮምፓትዳታ በሚባል ፎልደር ውስጥ ትንሽ የውሸት ዊንዶውስ ይሠራል። እዚያ ውስጥ «ሲ» እና ሁለት ነጥብ የሚል ስም ያለው ማያያዣ አለ፤ ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብን አይቀበልም። እንደ አሰካኩ ወይ ጭራሽ አይፈጠርም፣ ወይ ተፈጥሮ በሚቀጥለው ጊዜ ዊንዶውስ ዲስኩን ሲመረምር እንደ ብልሽት ያየዋል። ጌሞቹን ወደ ኤክስት4 (የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት) ማዛወር ትክክለኛው ነው። ቦታ ከሌለ ኮምፓትዳታን ብቻ ኤክስት4 ላይ ፍጠሩና ከኤንቲኤፍኤሱ ላይ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ቦታ የሚመራ ማያያዣ) አድርጉለት። በተጨማሪ የዊንዶውስን ፋስት ስታርትአፕ አጥፉ፤ ካልጠፋ ፓርቲሽኑ ለንባብ ብቻ ይከፈታል።

ዳታ

60 ጊጋባይት ጌም በሞባይል ዳታ ማውረድ ምን እንደሚያስወጣ ለማንም አይነገርም። ሦስት ነገሮች ይረዳሉ።

አንደኛ፣ ስቲም በአንድ ኔትወርክ ላይ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ጌሙን መቅዳት ይችላል። ዳውንሎድስ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የሎካል ኔትወርክ ዝውውር በሁለቱም ላይ ክፈቱ። ሰጪው ዊንዶውስ፣ ተቀባዩ ሊኑክስ ቢሆንም ጌሙ በፕሮቶን የሚሄድ እስከሆነ ድረስ ፋይሎቹ አንድ ናቸው። የራሱ የሊኑክስ እትም ያለው ጌም ከሆነ ግን ስቲም የሚፈልገው ሌላ ፋይል ነው፤ ያኔ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ፕሮቶንን በግድ ምረጡና ከዚያ ቅዱ። ኔትወርክ ከሌለም በኤክስተርናል ዲስክ ይቻላል፦ ከስቲምአፕስ ውስጥ ኮመን ስር ያለውን የጌሙን ፎልደር፣ ከውጭ ደግሞ አፕማኒፌስት ብሎ በጌሙ ቁጥር የሚያልቀውን ትንሽ ፋይል አብራችሁ ውሰዱ። ይህ ፋይል ከቀረ ስቲም ጌሙን አያውቀውም።

ሁለተኛ፣ የሼደር (ካርዱ ምስል የሚስልባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) ቅድመ-ማከማቻ። ስቲም ለእያንዳንዱ ጌም የተዘጋጀ ሼደር ያወርዳል፤ አንዳንዱ ከጊጋባይት ያልፋል፣ ጌሙ ሳይነካ ደጋግሞም ይታደሳል። ዳውንሎድስ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። ድሮ ሲጠፋ ጌሙ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ስታክ ያደርግ ነበር፤ አሁን ዲኤክስቪኬ 2 ከሜሳ (የሊኑክስ ክፍት የግራፊክስ ድራይቨሮች ስብስብ) 23.1 ወዲህ ባለ ራዲዮን ድራይቨር ላይ ይህን በአብዛኛው አቃሎታል። አንድ ዕዳ ግን አለው፦ በአንዳንድ ጌም ውስጥ ያሉት የመግቢያ ቪዲዮዎች የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ሲጠፋ በቪዲዮው ቦታ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ባለ ቀለም መስመሮች ይታያሉ። ጌሙ አልተበላሸም። ፕሮቶን-ጂኢ የሚባለውን እትም ተጠቀሙ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። የሌሊት ጥቅል የሚገዛ ሰው የስቲምን አውቶማቲክ ማሻሻያ ከዚያ ሰዓት ውስጥ ይገድበው።

የማይሠራው

በአጭሩ፦ ቫሎራንትና ፎርትናይት አይሠሩም። ኤፔክስ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ባለቤቱ ሊኑክስን ዘጋ። ከፊፋ 23 ጀምሮ ያሉት የኢኤ የእግር ኳስ ጌሞችም በፀረ-ማጭበርበሪያው ምክንያት አይነሱም፣ ለከተማችን ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው። ኢዚ አንቲ-ቺትና ባትልአይ የሚባሉት ፀረ-ማጭበርበሪያዎች ፕሮቶንን ይደግፋሉ፤ ማብራትና አለማብራቱ ግን የጌሙ ሠሪ ፈንታ ነው። ዶታ 2 እና ካውንተር-ስትራይክ 2 ግን ነፃም ናቸው፣ የራሳቸው የሊኑክስ እትምም አላቸው።

መብራትና ሙቀት

ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ፕሮቶን ያንን የውሸት ዊንዶውስ እየሠራ ነው። በዚያ መሃል መብራት ከሄደ ግማሽ የተሠራ ፎልደር ይቀራል፣ ጌሙም ከዚያ በኋላ አይነሳም። መፍትሔው የዚያን ጌም ቁጥር የያዘውን የኮምፓትዳታ ፎልደር ማጥፋት ነው፤ ራሱ ይሠራዋል። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ሴቭ ፋይሉን አውጡ! ክላውድ የማይጠቀም ጌም ሴቩን የሚያስቀምጠው እዚያው ውስጥ፣ ድራይቭ-ሲ፣ ዩዘርስ፣ ስቲምዩዘር ስር ነው። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ለዚህ ዴስክቶፕ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ይበቃል፣ ለመጫወት አይበቃም።

ስለ ሙቀት አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ውጭ አገር በተሠራ ቪዲዮ ላይ ካያችሁት የካርዱ ሙቀት ከፍ ቢል ካርዱ ታሟል ማለት አይደለም። አርኤክስ 6600 ከፋብሪካ 132 ዋት ነው፤ ላክት በሚባለው ፕሮግራም የፓወር ሊሚቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ሙቀቱንም የማራገቢያውን ጩኸትም ይቀንሳል፣ የፍሬሙ ልዩነት እምብዛም አይታይም።

ቪአር

ሜታ ኩዌስትን ከፒሲ ጋር የሚያገናኘው የራሱ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የለም። በምትኩ ሁለት መንገድ አለ። ኤኤልቪአር ከስቲምቪአር (የቫልቭ የቪአር ፕሮግራም) ጋር ተጣምሮ ይሠራል። ዊቭርን ደግሞ ሞናዶ በሚባለው ክፍት ምንጭ የኦፕንኤክስአር (ጌሞች ከቪአር መነጽር ጋር የሚግባቡበት የጋራ መስፈርት) ሥርዓት ላይ የቆመ ነው፤ ስቲምቪአርን አይፈልግም። ሁለቱንም አይተን የቀረነው ዊቭርን ላይ ነው፤ ስቲምቪአር ሊኑክስ ላይ ከባድና ቁጡ ነው።

አካሄዱ፦ ፒሲው ላይ ዊቭርንን ከፍላትሃብ (ፍላትፓክ የሚባሉት ጥቅሎች መደብር)፣ መነጽሩ ላይ ደግሞ የእሱኑ አፕ ጫኑ። ሁለቱ እኩል እትም ይሁኑ፤ አንዱ ራሱን አሻሽሎ ሌላው ከቀረ አይግባቡም። ፋየርዎል ላይ ፖርት 9757ን ለቲሲፒም ለዩዲፒም፣ 5353ን ለዩዲፒ ክፈቱ። 5353 ከተዘጋ መነጽሩ ፒሲውን በዝርዝሩ ውስጥ አያየውም፤ 9757 ከተዘጋ ያየዋል ግን አይገባም። የቱ እንደተዘጋ ከዚህ ይታወቃል። ከዚያ የዊቭርን ዳሽቦርድ የሚሰጣችሁን መስመር ቀድታችሁ የጌሙ ሎንች ኦፕሽንስ ውስጥ ለጥፉ፤ ካለዚያ ፕሮቶን በራሱ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ከውጭ ያለውን ዊቭርን አያገኘውም። ለዚሁ ሲባል ስቲም ራሱ ፍላትፓክ ባይሆን ይሻላል፤ ሳጥን በሳጥን ውስጥ ይሆናል። ጌሙ መነጽሩ ላይ መውጣቱን ትቶ ሞኒተር ላይ ከተከፈተ፣ ኮንፊግ ስር ኦፕንኤክስአር የሚለው ፎልደር ውስጥ ያለው የአክቲቭ ራንታይም ፋይል አሁንም ስቲምቪአርን እያመለከተ እንደሆነ እዩ።

ዋይፋይ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚወድቀው። ምስሉ የሚሄደው ከፒሲው ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ መነጽሩ ነው፤ የገዛችሁት ዳታ አይነካም፣ ስቲም ኦፍላይን ከሆነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ግን 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አይሞከርም። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ባለ ፎቅ ውስጥ ሆናችሁ የዋይፋይ ዝርዝሩን ብታዩ የጎረቤቱ ሁሉ ስም ተደርድሯል፤ ያ ሁሉ ራውተር የሚሻማው ያቺኑ ጠባብ መስመር ነው። የሚያስፈልገው ባለ 5 ጊጋኸርዝ ራውተር ነው፣ ስፋቱ 80 ሜጋኸርዝ፣ ቻናሉ ከ36 እስከ 48 ካሉት አንዱ። ፒሲው ወደ ራውተሩ በካት5ኢ ኬብል ይገናኝ፤ ሁለቱም በዋይፋይ ከሆኑ አንዱ ምስል አየሩን ሁለቴ ያቋርጣል። ራውተሩን ከሚጫወቱበት ክፍል አታውጡት፤ በድሮ ቤት ወፍራም ግድግዳ 5 ጊጋኸርዝ ክፉኛ ይዳከማል። «ላፕቶፔን ሆትስፖት አደርገዋለሁ» የሚል ካለ፣ ብዙዎቹ የኢንቴል ዋይፋይ ካርዶች በ5 ጊጋኸርዝ ሆትስፖት መክፈት በፈርምዌራቸው ተከልክለዋል። በ50 ሜጋቢት ጀምሩና ምስሉ ሳይቆራረጥ እስከሄደ ከፍ አድርጉ።

ፌዶራ ላይ ዊቭርንን ከፍላትሃብ ያልወሰደ ሰው ሌላ ነገር ይገጥመዋል፦ ከፌዶራ ጋር የሚመጣው ሜሳ በፓተንት ምክንያት ምስሉ የሚላክባቸውን የቪዲዮ ዓይነቶች፣ ኤች264ንና ኤች265ን፣ በካርዱ ማመቅ አይችልም። ሥራው ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል፣ ራይዘኑ ይጨናነቃል፣ ምስሉ ይዘገያል። መፍትሔው ከአርፒኤም ፊውዥን (የፌዶራ ተጨማሪ ጥቅሎች ምንጭ) ፍሪወርልድ የሚለውን የሜሳ ቪኤ ድራይቨር መተካት ነው።

ራዲዮን ላይ ደግሞ ጌሙ ቀላል ሆኖ ሳለ ምስሉ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ አለ። ካርዱ ሥራ ሲቀንስለት ፍጥነቱን ዝቅ እያደረገ፣ የሚቀጥለው ፍሬም ሲመጣ ለመነሳት ስለሚዘገይ ነው። ላክት ውስጥ ፐርፎርማንሱን ወደ ማኑዋል፣ ፓወር ፕሮፋይሉን ወደ ቪአር ቀይሩ። ከሁሉ ለውጥ ይህ ነው ልዩነቱ ወዲያው የተሰማን።

ክፍሉ ቢያንስ 2 ሜትር በ2 ሜትር ባዶ ይሁን። ከላይ የተንጠለጠለ አምፖል ካለ እጅ ወደ ላይ ሲሰነዘር ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ኩዌስት ራሱና እጆቹ የት እንዳሉ የሚያውቀው በካሜራ አይቶ ስለሆነ ጨለማ ውስጥ ይጠፋበታል፤ መብራት ሲሄድ መነጽሩ በባትሪው ቢቀጥልም እጆቹ አየር ላይ ይቀራሉ። መነጽሩን መስኮት ሥር አታስቀምጡ፦ ፀሐይ በሌንሱ ከገባች ውስጡን ስክሪን ታቃጥለዋለች፣ ያ ደግሞ አይጠገንም።

ቀጥሎ የሚሞከረው የኬብል መንገድ ነው። መነጽሩ ላይ ዲቨሎፐር ሞድ ተከፍቶ፣ በኤዲቢ (ፒሲን ከአንድሮይድ ዕቃ ጋር በኬብል የሚያገናኝ መሣሪያ) ፖርት 9757 ወደ ፒሲው ይመለሳል፤ ዋይፋይ ጨርሶ አያስፈልግም። ዩኤስቢ 2 ለዚህ ፍጥነት ይበቃል፣ ርዝመቱ ግን ከ5 ሜትር አይለፍ።