ከጅማ ለሦስት ቀን የት እንሂድ?

ዘንድሮ የአድዋ በዓል ሰኞ ዋለ። ከቅዳሜና ከእሁድ ጋር ሦስት ቀን ሆነልን። ባለቤቴ "ዘንድሮ እንኳ ወጣ እንበል" ሲል እኔ መጀመሪያ ዝም አልኩ። ጅማ መኖር ከጀመርን ስምንት ዓመታችን ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለሠርግ ሄደናል፣ ለለቅሶ ሄደናል፣ እናቴን ይዘን ጸበልም ሄደናል። ለእረፍት ብለን የወጣነው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ሐዋሳ። ያ ጉዞ ደግሞ አልቀናንም ነበር።

መጀመሪያ የሐዋሳውን ላውራ። የዘንድሮውን አመራረጥ ያስተማረን እሱ ነው።

አራት ቀን ነበረን። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደግሞ 275። በአፍ ሲወራ ብዙ አይመስልም። በመጀመሪያው ቀን ገና ሳይነጋ ተነስተን አውቶቡስ ያዝን። አዲስ አበባ ገብተን እህቴ ቤት አደርን። በማግስቱ ከከተማው እስክንወጣ ረፈደብን። ሐዋሳ ስንደርስ ጀምበሯ እያዘቀዘቀች ነበር። በስልክ የያዝነው ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ተባልን። ሁለት ልጆች፣ ሻንጣዎችና እናቴን ይዘን በባጃጅ ክፍል ስንፈልግ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ዞርን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐይቁ ዳር ወጣን። አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ አስጋሪዎቹን አየን። ልጆቹ አባ ኮዳዎቹን ሲያዩ በደስታ ጮኹ። ገና መደሰት ስንጀምር የመመለሻ ሰዓት ደረሰ። ከምሳ በኋላ ወደ አዲስ አበባ፣ በማግስቱ ወደ ጅማ። የግቤን ቁልቁለት ስንወርድ ትንሿ ልጄን አስመለሳት። የእናቴ እግር አብጦ ሳምንት ሙሉ ቤት ዋለች።

ጥፋቱ የሐዋሳ አይደለም። ሐዋሳ ውብ ከተማ ናት፤ በቂ ቀን ያለው ሰው ይሂድባት። ጥፋቱ የኛ ነበር። "የትኛው ከተማ ያምራል?" ብለን ተጨቃጨቅን እንጂ "እዚያ ስንት ሰዓት እንቆያለን?" ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ስለዚህ ዘንድሮ ቡናው ተፈልቶ ወሬው ሲነሳ፣ ልጄን ደብተርና እስክሪብቶ አምጣ አልኩት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስሌት ይወዳል። ሁሉም የሚፈልገውን ከተማ ይናገር፣ አንተ ጻፍ አልኩት።

እሱ ራሱ መጀመሪያ አዲስ አበባን ጻፈ። ፒያሳ ያለውን፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የአድዋ ድል መታሰቢያ ማየት ይፈልጋል። በአድዋ ቀን አድዋን ማየት! እንዴት ይከለከላል? ባለቤቴ አርባ ምንጭ አለ፤ አባያንና ጫሞን ሳያይ እንዳያረጅ ይፈራል። እኔ ወሊሶን አስጻፍኩ፤ እዚያ አድሮ ወንጪ ሐይቅ መውጣት ዘወትር የምመኘው ነው። ትንሿ ልጄ "ውሃ ያለበት" አለች፤ ከተማ አልጠራችም። እናቴ ደግሞ "እኔን ተዉኝ፣ ቤት እጠብቃለሁ" አለች። ይህን ያለችው ጉዞ ጠልታ አይደለም። የሐዋሳውን እግሯን አስታውሳ ነው።

ቀጥሎ ስሌቱ መጣ። ሦስት ቀን፣ በቀን 12 የብርሃን ሰዓት፣ በድምሩ 36። ከዚህ ላይ ደርሶ መልስ መንገዱን ቀንስ አልኩት። ሌሊት መንገድ አንወጣም፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ለአዲስ አበባ በመሄጃ ሰባት፣ በመመለሻ ሰባት ሰዓት ያዝን፤ 22 ቀረ። አርባ ምንጭ ገና ከመነሻው ወደቀ፤ መንገዱ ብቻ ሁለቱን ቀን ሊበላ ነው። ወሊሶ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከኛ ወደ 235 ይሆናል፤ እሱ ደህና ቁጥር ወጣለት። ልጄ በራሱ ተነሳስቶ የድሮውን ሐዋሳንም አሰላው። በሦስት ቀን ሂሳብ አሥር ሰዓት እንኳ መትረፉ አጠራጣሪ ነበር። ደብተሩን አይቶ "ለካ ያኔ መንገድ ልናይ ነው የሄድነው" አለ። አሳዘነኝ፤ እውነቱን ነበር።

ግን ሰዓት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ጥያቄ እናቴ ነበረች። ከቤተሰቡ በጣም የሚደክመው ሰው ካልተመቸው ሌላውም አይመቸውም። ጉልበቷ ደረጃ አይችልም። ከሁለት ሰዓት በላይ ስትቀመጥ እግሯ ያብጣል። በዚያ ላይ ሁዳዴ ገብቷል፤ ከጾም ምግብ ውጪ አትቀምስም። ወንጪ እዚህ ላይ ተሸነፈ። ቦታው ከፍታ ነው፣ ብርድ ነው፣ ወደ ሐይቁ መውረድና መውጣት አለው። ወደ ወሊሶም ቢሆን መንገዱ ለሷ ረዘመ። አዲስ አበባ በአውሮፕላን ቅርብ ነው፤ ከአባ ጅፋር ኤርፖርት ተነስቶ ወዲያው መግባት ነው። የአምስት ሰው ደርሶ መልስ ትኬት ግን ከያዝነው ብር በላይ ሆነ። ለልጄ "ክረምት ትምህርት ሲዘጋ መታሰቢያውን ታያለህ፣ ሳምንት ሙሉ አክስትህ ጋ ትቆያለህ" ብዬ ቃል ገባሁለት። ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ስሌቱን የሠራው ራሱ ስለሆነ አልተከራከረም።

ታዲያ የት? መልሱን ያገኘሁት መናኸሪያ ነው። የመንገድ ነገር ከሹፌር በላይ የሚያውቅ የለም። የትኛው ተበላሽቷል፣ የትኛው ሰላም ነው፣ የቱ ጋ ዝናብ ጥሏል፤ ፎቶ ይህን አይነግርህም። ሰፈራችን ያለ አንድ የሚኒባስ ሹፌር አግኝቼ ችግሬን ዘርዝሬ ነገርኩት። ሰማኝና "እህቴ፣ ቦንጋን አይተሻታል?" አለኝ። አላየኋትም። ስምንት ዓመት ጅማ ተቀምጬ፣ 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ ያለችውን ቦንጋን አላየኋትም። ሰው በቅርቡ ያለውን ይንቃል፤ እኔም ንቄያለሁ።

ቤት ስነግራቸው ማንም አልጓጓም። "ጫካ ለማየት? ጅማስ ጫካ መቼ አጣች?" አለ ባለቤቴ። ደብተሩን አሳየሁት። መሄጃ ሦስት፣ መመለሻ ሦስት፤ ቀሪ 30 ሰዓት። ዝም አለ።

የክፍሉን ነገር በዚህ ጊዜ አልቀለድኩበትም። ደውዬ ዋጋ ብቻ ጠይቄ አልዘጋሁም። ሁለት ክፍል ምድር ላይ አለ ወይ? ሙቅ ውሃው ይሠራል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አላችሁ? በየዓይነቱ ጠዋትም ይገኛል? መኪና ግቢ ውስጥ ያድራል? ያነጋገረኝን ሰው ስም ያዝኩ፣ ቀብድ በቴሌብር ላክሁ፣ የደረሰኙን መልእክት አላጠፋሁም። ከመነሳታችን በፊት ባለው ማታ እንደገና ደወልኩ። አሰልችቻቸው ይሆናል፤ ግን ክፍሉ እየጠበቀን ነበር።

ሚኒባሱን ኮንትራት ያዝነው። ከአውቶቡስ ይወደዳል፤ ሆኖም ወጪያችንን ሌላ ቦታ ቀንሰን ለዚህ አደረግነው። ለእናቴ ጋቢናው ተሰጣት። በየአርባ ደቂቃው ቆም እንድንል ከሹፌሩ ጋር ቀድመን ተስማማን። ሐዋሳ ስንሄድ ያቃተን ይኼ ነበር፤ የሕዝብ አውቶቡስ ለአንድ እናት እግር ብሎ አይቆምም።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጣን። ሰቃን አልፈን ሸቤ ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ሲጀመር ግን ሌላ አገር ነው። እንሰት በየጓሮው፣ ጫካው መንገዱ ድረስ የመጣ። ከጥቂት ቀን በፊት ዝናብ ጠብ ብሎ ስለነበር ቡናው አብቦ ደረስን። የቡና አበባ ያላየ ሰው እንዴት ልንገረው? ቅርንጫፉ በሙሉ ነጭ ለብሶ፣ ሽታው መኪና ውስጥ ይገባል። እናቴ "አቁምልኝ" አለች። በሕይወቷ ስንት ሺህ ስኒ ቡና አፍልታለች፤ አበባውን በዚህ ብዛት አይታ አታውቅም። ወርዳ ቆማ ብቻ ታየው ነበር። እኔ እዚያው ላይ "ይህ ብቻ ቢሆንም ይበቃኛል" አልኩ።

4 ሰዓት ላይ ቦንጋ ገባን። ቀኑ ገና ሙሉ ነበር! ይህ ስሜት አዲስ ነው፤ ደርሰህ፣ ዕቃህን አስቀምጠህ፣ ፊትህን ታጥበህ፣ ገና ረፋድ መሆኑ።

አንድ ነገር ግን ተሳስቻለሁ። ክፍሉ ምድር ላይ ነው ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ከተማዋ ምን ትመስላለች ብዬ አልጠየቅኩም። ቦንጋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ለእናቴ ከሆቴሉ በር እስከ ዋናው መንገድ ራሱ ፈተና ሆነ። ባጃጅ ባይኖር ኖሮ ግቢ ውስጥ ልትታሰር ነበር። አዛውንት ይዞ የሚሄድ ሰው ስለ ደረጃ ብቻ ሳይሆን ስለ ዳገትም ይጠይቅ።

እሁድ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ወደ ባርታ ፏፏቴ ሄድን። ከአካባቢው አንድ ወጣት መሪ ያዝን። መኪናው የሚደርሰው እስከ አንድ ቦታ ነው፤ ከዚያ በእግር። እናቴና ባለቤቴ አንድ ቡና ቤት ቀሩ፤ እሱ በፈቃዱ ነው የቀረው፣ ስለዚህ እሷም አልተሳቀቀችም። እኔና ልጆቹ ገባን። ትንሿ ልጄ የውሃው ጠል ፊቷ ላይ ሲረጭ ዓይኗን ጨፍና ትስቅ ነበር። "ውሃ ያለበት" ያለችው ይኼው ተገኘላት።

መሪያችን በመንገድ ላይ ብዙ ነገረን። የካፋን ጫካ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። የዱር ቡና እዚያ በሰው እጅ ሳይተከል ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ልጄ ወዲያው "ቡና የተገኘው ግን ጅማ ጮጬ ነው" አለ፤ ትምህርት ቤት የተማረው ነው። ወጣቱ ደግሞ "ማንኪራ ነው፣ እዚህ ካፋ" አለ። ሁለቱ ተከራከሩ፤ ደስ የሚል ክርክር ነበር። ቀጥሎ ወጣቱ ስለ መጨረሻው የካፋ ንጉሥ ስለ ጋኪ ሸሮቾ አነሳ፤ በ1897 እ.ኤ.አ. በምኒልክ ጦር እንደተያዙ። ልጄ ጣቱን ቆጠረ። አድዋ 1896 ነው። በዓመቱ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ ይጠይቅ ነበር። መታሰቢያውን በማስቀረቴ የነበረኝ ጸጸት ያኔ ቀለል አለልኝ። በአድዋ ሰሞን መጽሐፉ ላይ ያላነበበውን ታሪክ አገኘ፤ ከባዱንም ጭምር።

ከሰዓት ውሽውሽ ድረስ ሄደን የሻይ ተክሉን አየን። አረንጓዴው ተስተካክሎ ተከርክሞ ኮረብታውን ለብሶታል። እናቴ ከመኪና ሳትወርድ በመስኮት ጠገበችው። ለሷ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚመቸው፤ አስቀድሜ አውቄ ቢሆን ቅዳሜንም እዚያ ባዋልናት።

ሰኞ 3 ሰዓት ተነስተን ምሳ ጅማ በላን። ገና ግማሽ ቀን ይቀረን ነበር። ሹፌሩ "ጅሬን ላውጣችሁ?" አለን። ከ50 ዓመት በላይ ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ ከከተማው የአጭር ጊዜ መንገድ። እንግዳ ሲመጣ "ሂዱና እዩ" እንላለን እንጂ ቤተሰቡ አብሮ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ከላይ ሆነን ጅማን ቁልቁል አየናት። ልጆቹ ሰፈራችንን ለመለየት ተሽቀዳደሙ።

ከያዝነው ብር ጥቂት ተረፈ። በተረፈው ለጎረቤት ቡና ተፈላ፤ ከቦንጋ የመጣው ማርም ቀረበ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልጄ አዲስ ገጽ ገልጦ "ወንጪ" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ የአራት ቀን ሂሳብ ጀመረ፣ መሃል ላይ ወልቂጤ ማደርን ጨመረበት። ለአያቱ እግር ብሎ ነው፤ ማንም አልነገረውም።

እናቴ ከስኒዋ ቀና አለች።

"ወንጪ ብርድ ነው አሉ" አለች። "ጋቢዬን ልያዝ?"