የአሊስ ጊን ፊልሞች ለማሳየት የምታስቡ፣ ዓመተ ምሕረቱን አስቀድማችሁ አጣሩ

የመጀመሪያዋ ሴት የፊልም ዳይሬክተር የምትባለውን የአሊስ ጊ ብላሼን ድምፅ አልባ ፊልሞች አሜሪካ ውስጥ ለምንኖር ወገኖች ለማሳየት ስነሳ፣ ቅጂ ማግኘቱም ሆነ በየመካከሉ የሚገቡትን ጽሑፎች ወደ አማርኛ መመለሱ አላስቸገረኝም። ፍዳዬን ያሳየኝ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው።

አሊስ በፓሪስ የፊልም ኩባንያ ባለቤቱ የሌዮን ጎሞን ጸሐፊ ሳለች፣ ራሷ እንደተረከችው እ.ኤ.አ. በ1896 «ላ ፌ ኦ ሹ»ን (የጎመኗ ተረት እመቤት እንደ ማለት ነው) ሠራች። ያ ፊልም ጠፍቷል። ዛሬ በየቦታው በዚያ ስም የሚታየው፣ አንዲት ሴት ከሰው ሠራሽ ጎመኖች መካከል ሕፃናት እያወጣች መሬት ላይ የምታስተኛበት የአንድ ደቂቃ ያህል ፊልም፣ በ1900 እንደገና የሠራችው ነው። ባልና ሚስት ሕፃን ሲገዙ የሚታዩበት ደግሞ የ1902 ሌላ ሥራዋ ነው። ይህን ሁሉ ለአዳራሹ የፕሮግራም ኃላፊ በጽሑፍ ባስረዳም፣ የታተመው ማስታወቂያ የ1902ቱን ፊልም ፎቶግራፍ ይዞ፣ ከሥሩ «1896» የሚል ተጽፎበት መጣ። እንዲታረም ደውዬ ስጠይቃቸው «እህቴ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን ማን ልብ ይለዋል?» አሉኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ አሊስን ከታሪክ ያስወጣት ይኸው ግድየለሽነት ነውና። በ1906 ስለ ክርስቶስ ሕይወት የሠራችው ትልቅ ፊልም በታሪክ መጻሕፍት ለረዳቷ ለቪክቶራን ዣሴ ተሰጥቶ ነበር። በ1927 ፊልሞቿን ፍለጋ ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ ስትመለስ አንዱንም አላገኘችም፤ በ1968 እስክታርፍ ድረስም የሥራዎቿን ዝርዝር ስታቃና፣ ስሟን ለማስመለስ ስትደክም ኖራለች። እንዲህ የለፋችበትን እኛው ደግመን እንድናበላሸው አልፈቀድሁምና፣ ወረቀቱ እንዳይበተን አስደርጌ የታረመውን በራሴ ገንዘብ አሳተምሁ። በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ የማስታወቂያውን ቃል ራሳችሁ ጻፉ፤ ያለ እናንተ ፊርማ እንዳይታተምም አስቀድማችሁ ተዋዋሉ። ብዙዎች በመጀመሪያ ፊልሟ ጀምሩ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። በ1910 አሜሪካ ውስጥ ባቋቋመችው ሶላክስ የፊልም ኩባንያ በ1912 በሠራችው «ፎሊንግ ሊቭስ» («የሚረግፉ ቅጠሎች») ጀምሩ። ሐኪሙ የመጨረሻው ቅጠል ሲረግፍ እህቷ እንደምትሞት ሲናገር የሰማች ትንሽ ልጅ፣ ማታ ወጥታ ቅጠሎቹን በክር መልሳ ዛፉ ላይ ስታስር ያየ ተመልካች፣ የቀሩትን ፊልሞች በትዕግሥት ይከታተላል። ሰዎቹ እየተጣደፉ የሚራመዱበትን ቅጂ ግን አትቀበሉ፤ በሴኮንድ 16 ምስል ገደማ የተቀረጸው በ24 ሲታይ ትወናውን ሁሉ ያበላሸዋል።