«ፋይል አድርግና ተኛ» ያሉኝ ሰዎች

ባንክራፕሲ (ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው ለፍርድ ቤት የሚያስገባው የመክሰር ማመልከቻ) ፋይል ያደረግሁት ቤቴ ሐራጅ ሊወጣ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ሰባት ወር ሞርጌጅ (የቤት ብድር) አልከፈልኩም ነበር። የጭነት መኪናዬ ሞተር ነደደ፣ ክሬዲት ካርዱ ሞላ፣ የቀረውን ገምቱት።

ወዳጆቼ «ፋይል አድርግና ተኛ፣ ማንም አይነካህም» አሉኝ። ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ማመልከቻው ከገባ ጀምሮ ባንኩ ይታገዳል፣ ሐራጁም ይቆማል። የኔም ቆመ። ሌላውን ግማሽ የነገረኝ የለም። ባለቤቴ ግን «ተነግሮሃል፣ አልሰማህም» ትላለች።

ፋይል ማድረጉ ራሱ አይከብድም። ከማስገባታችሁ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የክሬዲት ምክር ኮርስ ትወስዳላችሁ፤ እኔ በስልኬ በአንድ ማታ ጨረስኩት። እኔ ያስገባሁት ቻፕተር 13 የሚባለውን የባንክራፕሲ ዓይነት ነው፤ የፍርድ ቤት ክፍያው 313 ዶላር ነው፤ የጠበቃው ለብቻ። ሌላው ዓይነት፣ ቻፕተር 7፣ ርካሽ ነው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። የካርድ ዕዳን ያጠፋል፣ የቤቱን ውዝፍ ግን አያቃልልም፤ ባንኩ በቤቱ ላይ ያለው መያዣም እንዳለ ይቆያል። ቻፕተር 13 ውዝፉን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በጥቂት በጥቂቱ ያስከፍላችኋል።

ከዚያ ትረስቲው (ጉዳዩን እንዲከታተልና ክፍያውን እንዲሰበስብ የተሾመው ሰው) ቃለ መሐላ አስገብቶ ይጠይቃችኋል። እኔን ያፋጠጠኝ ስለ ዕቁብ ነው። በየሁለት ሳምንቱ 500 ዶላር የምትልክለት ይህ ሰው ማነው? ለምንድን ነው? ዕቁብን ለፍርድ ቤት ሰው በእንግሊዝኛ ማስረዳትን ለጠላቴም አልመኝም። አዎ፣ ሞርጌጁን ትቼ ዕቁቤን እከፍል ነበር። ባንክ አይታዘበኝማ፤ የዕቁቡ ሰብሳቢ ይታዘበኛል። እናንተ ከፍላችሁ ገና ያልደረሳችሁ ዕቁብ ካለ ለጠበቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

ፋይል ባደረግሁ በሳምንቱ የባንኩ ድረ ገጽ ላይ መግባት አልቻልኩም። አካውንቴ ተዘግቷል። በየወሩ ራሱ የሚቆርጠው ክፍያም ቆሟል። ደወልኩ። «ባንክራፕሲ ላይ ስለሆኑ ልናነጋግርዎ አንችልም፤ ጠበቃዎ ይደውሉ» አለችኝ አንዷ። ጠበቃው ቢሮ ደወልኩ። ጸሐፊው «እሱን በቀጥታ ከባንኩ ጋር ነው የምትጨርሰው» አለኝ። ባንኩ ዘንድ ተመልሼ ደወልኩ፤ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁና ሌላ ክፍል አስተላለፉኝ። ሌላው ክፍልም «ጠበቃዎ ይደውሉ»።

እኔም ተውኩት። ለትረስቲው በየወሩ እከፍል ስለነበር የቤቱም እዚያ ውስጥ ያለ መሰለኝ። የለም! ለትረስቲው የምከፍለው ያለፈውን ሰባት ወር ውዝፍ ነው። የአሁኑን 2,140 ዶላር በየወሩ ራሴ ለባንኩ መላክ ነበረብኝ። አንዳንድ ፍርድ ቤት ወርሃዊውንም በትረስቲው በኩል ያስከፍላል፤ የኔው አያስከፍልም። ይህቺን አንዲት ጥያቄ አለመጠየቄ ነው ቤቴን ሊያስበላኝ የነበረው።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። ፋይል ካደረጋችሁ በኋላ የሚመጣው ወረቀት አያድርስ ነው፤ የአበዳሪ፣ የፍርድ ቤት፣ የመኪና ሻጭ ማስታወቂያ። ፖስታውን ሳልከፍት ፍሪጁ ላይ ከሌሎቹ ጋር ከመርኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ባለቤቴ የልጁን የትምህርት ቤት ወረቀት ስትፈልግ አገኘችውና ከፈተችው። ቆማ አነበበች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባንኩ «ደንበኛው እየከፈለ አይደለምና እገዳው ይነሳልኝ» ብሎ ለፍርድ ቤቱ አመልክቷል። መልስ መስጫው 14 ቀን ነው። ሦስት ቀን ቀርቶናል።

ጠበቃው በዚያው ሳምንት መልስ አስገባና ከባንኩ ጠበቃ ጋር ተስማማ። ያልከፈልኩት 6,420 ዶላር ለስድስት ወር ተከፋፈለ፤ ከመደበኛው ጋር በወር 3,210። የባንኩ ጠበቃ ክፍያም በኔው ላይ ተጨመረ! አንድ ወር ካዛነፍኩ እገዳው ይነሳል የሚል አንቀጽም አለው። በእነዚያ ስድስት ወራት ሌሊት የሰው መኪና ነዳሁ፣ ባለቤቴም ደርባ ሠራች። ጭቅጭቁን አልነግራችሁም።

ገንዘቡን የት እንደምልክ ያወቅሁትም በመከራ ነው። የመጀመሪያውን ቼክ በድሮው አድራሻ ልኬ ተመለሰ። ለባንክራፕሲ ደንበኞች የተለየ አድራሻ ነበራቸው፤ ይህን የነገረኝ ስልክ ያነሳ ሰው አይደለም። ባንኩ ዕዳውን ለመጠየቅ ለፍርድ ቤቱ ያስገባው ቅጽ ላይ «ክፍያ የሚላክበት» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ ተጽፏል። ቅጹን ከጠበቃችሁ ተቀበሉ። ውዝፉ እንዴት እንደተሰላም አብሮት አለ፤ መስመር በመስመር እዩት።

ሁሉም «ጠበቃ ካላችሁ ባንኩን በራሳችሁ አታናግሩ» ይላል። እኔ አልስማማም። ስምምነት አትፈርሙ፣ ድርድር አትጀምሩ፤ ክፍያ የት ይላክ፣ ስንት ነው የሚለውን ግን በደብዳቤ ራሳችሁ ጠይቁ፤ ቅጂውን ለጠበቃው። ስልክ ዋጋ የለውም፤ ተናጋሪው በየጊዜው ሌላ ሰው ነው። አካውንቱ ቢዘጋም በባንክ ቼክ፣ በአደራ ፖስታ ላኩ። «ሞርጌጅህን አስቀንስልሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ ከሚጠይቅም ሽሹ። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ያጸደቃቸው አማካሪዎች ከፎርክሎዠር (ባንክ ቤታችሁን ወስዶ ከመሸጡ) እንዴት እንደምትድኑ በነፃ ያማክራሉ። እኔ ይህን የሰማሁት ለአንዱ «አማካሪ» 900 ዶላር ከከፈልኩ በኋላ ነው።

አሁን ከ60 ወር 31ኛው ላይ ነኝ። ደረሰኞቹ በጫማ ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ካርቶኑ ባለቤቴ ዘንድ። ባለፈው ሳምንት ባንኩ የግንቦት ክፍያ አልደረሰኝም ብሎ ጻፈልኝ። ደወልኩ። ልጁ «ባንክራፕሲ ላይ ስለሆኑ…» ብሎ ሲጀምር የአደራ ፖስታውን ቁጥር አሃዝ በአሃዝ አነበብኩለት። ትንሽ ዝም አለና «እስቲ ይድገሙልኝ» አለኝ።