የመጀመሪያውን ካኑላ ስታስገቢ ከጎንሽ ማን ይቆማል?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ ደውላ «እትዬ፣ ነርሲንግ ልማር ነው፤ የትኛው ኮሌጅ ይሻለኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። ደብረ ብርሃን ያሉትን ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ እየጠራች የአንዱን ሕንፃ አዲስነት፣ የሌላውን ወርኃዊ ክፍያ፣ የሦስተኛውን የደንብ ልብስ ማማር ሳይቀር ዘረዘረችልኝ። ሁሉንም ሰምቼ ስጨርስ «የመጀመሪያውን ካኑላ፣ ያን መድኃኒትና ፈሳሽ እንዲሰጥበት ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ በሰው እጅ ላይ ስታስገቢ ከጎንሽ ማን ይቆማል?» ብዬ መልሼ ጠየቅኋት። ልጅቱ ዝም አለች። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ዝምታዋ ነው፤ እኔም በእሷ ዕድሜ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አላገኘሁም ነበርና።

የነርስነት ትምህርት ግማሹ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ግን ከታካሚ አልጋ አጠገብ ካልሆነ በየትም አይገኝም። እኔ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ሆስፒታል የምንላከው በአንድ ጊዜ ከሃያ በላይ ሆነን ነበር። መምህራችን ጠዋት ስም ጠርቶ ይመለሳል፤ እኛም በአንድ አልጋ ዙሪያ ተደርድረን ከፊት የቆሙት ሁለት ሦስት ልጆች ሥራውን ሲያዩ፣ የቀረነው የእነሱን ጀርባ ስናይ እንውላለን። የተግባር ልምምድ መመዝገቢያ ደብተሬ (ሎግ ቡክ) በፊርማ የተሞላ ነበር፤ በእጄ የሠራሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን፣ ተማሪ ሲመዘገብ ቀድሞ ሊያጣራው የሚችለው ጉዳይ ስለሆነ ነው።

እኔን ያዳነችኝ በዚያው ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ነባር ነርስ ናት። «ቀን ሰው ይበዛል፤ ሌሊት ከእኔ ጋር ግቢ» አለችኝ። ወሩ ኅዳር ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ እንደ መሆኗ በኅዳር ሌሊት ውርጯ አጥንት ይሰብራል፤ ብርድ ደግሞ ደም ሥርን ያኮማትራል። የመጀመሪያ ታካሚዬ የሆኑት ከተጉለት የመጡ አዛውንት ገበሬ እጃቸው ከመቀዝቀዙ የተነሣ አንድም ደም ሥር አይታይበትም ነበር። እሷ ጓንት ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልታ አፉን ቋጠረችና በእጃቸው ጀርባ ላይ አስቀምጣ ጋቢያቸውን ደረበችበት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ገልጣ ስታሳየኝ ቀድሞ ያልነበረው ደም ሥር ብቅ ብሏል። «ቆዳውን ወጠር አድርገሽ ያዢ፤ በእርሻ የጠነከረ እጅ ደም ሥሩ ይንሸራተታል» አለችኝ። ከካኑላው ጀርባ ደም ብልጭ ሲል መርፌውን ዝቅ አድርጌ ለጥቂት ከገፋሁ በኋላ ፕላስቲኩን ብቻ እንዳስገባ፣ መርፌውንም ከመንቀሌ በፊት ክንዳቸው ላይ ያለውን ማሰሪያ እንድፈታ በጆሮዬ ቀስ እያለች ነገረችኝ። አዛውንቱ «ጨረስሽ እንዴ ልጄ?» ሲሉኝ እጄ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያች ሌሊት የተማርሁት በአንድ መንፈቀ ዓመት ከተማርሁት ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ሰው ሕንፃውን ከማየቱ በፊት ዋርዱን፣ ማለትም ታካሚዎች የሚተኙበትን ክፍል፣ ይይ እላለሁ። ተማሪዎቹ የሚለማመዱት በየትኛው ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ነው? በአንድ ጊዜ ስንት ሆነው ይገባሉ? መምህሩ አብሮ ይውላል ወይስ ስም ጠርቶ ይሄዳል? የሌሊት ተራ አላቸው? የኮሌጁ ሬጅስትራር ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ እውነተኛው መልስ ያለው ከሆስፒታሉ በር ላይ ነጭ ጋውን ለብሰው ሻይ በሚጠጡት ተማሪዎች ዘንድ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእነሱ ጋር መቀመጥ አሥር በራሪ ወረቀት ከማንበብ ይሻላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እንኳ በስደቱ ዘመን ነርስነትን የተማሩት ለንደን ከሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሕፃናቱ አልጋ ዘንድ ነበር።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደቡ ተማሪዎች ምርጫቸው ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚደርሳቸው ልጆች ከቤታቸው ሳይርቁ መማር ይችላሉ፤ ሌላው ደግሞ በደረሰው ቦታ ይማራል። በግል ኮሌጅ ለሚመዘገብ ግን ከዋርዱ ቀጥሎ ወረቀቱን ማጣራት ግድ ነው። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጥቅሉ ሳይሆን ለካምፓሱ፣ ለትምህርት መስኩና ለደረጃው ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ ስላለው እዚህ ያለውም አለው ማለት አይደለም፤ ፋርማሲ የተፈቀደለት ነርሲንግ ተፈቅዶለታል ማለትም አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አንብቡ፤ ቀኑ ያላለፈ መሆኑን እዩ፤ ከዚያም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። የሦስት ዓመት የቤተሰብ ገንዘብ፣ አንዳንዴም የተሸጠ በሬ ዋጋ፣ በዚህ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ፈተናዎቹንም ከመጀመሪያው ማወቅ ይበጃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ 50 ከመቶ አምጥቶ ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ከዚያ ሌላ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ ባለሙያዎች የሚሰጠው የብቃት ምዘና ፈተና አለ፤ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ 4 ለሚማሩት ደግሞ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ። በፈተናዎቹ ላይ የሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ታካሚ እንዲህ ሆኖ ቢመጣ በቅድሚያ ምን ታደርጋለህ?» የሚሉ ስለሆኑ፣ ዋርድ ውሎ የመጣ ተማሪ ሃንድአውት ብቻ ካነበበው በተሻለ ይመልሳቸዋል።

የእኛ ሰሜን ሸዋ ዞን ለልምምድ የሚሰጠው አንድ ጥቅም አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያስተውለውም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ቆላ ይገባል፤ በሽታውም አብሮ ይለወጣል። ሸዋ ሮቢት ላይ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው መጀመሪያ የወባ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ መንዝ ላይ ትኩሳትና ሳል ያለበት ሕፃን ሲመጣ ግን ቀድሞ የሚታሰበው የሳንባ ምች ነው። ኮሌጃችሁ ወደ ሁለቱም የሚልካችሁ ከሆነ ትልቅ ዕድል ነው። የማይልካችሁ ከሆነም በዕረፍት ጊዜያችሁ በትውልድ ወረዳችሁ ጤና ጣቢያ በፈቃዳችሁ እንድትሠሩ ደብዳቤ አጽፋችሁ ጠይቁ፤ እኔ እንዲያ አድርጌ ነው ወባን በዓይኔ ያየሁት።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። አዲስ ነርስ በመጀመሪያው ወር የሚያስደነግጠው ብዛቱ ነው። በትምህርት ቤት ለአንድ ታካሚ አንድ ሙሉ የእንክብካቤ ዕቅድ ስንጽፍ ቆይተን፣ ሥራ ስንጀምር አንድ ዋርድ ሙሉ ታካሚ ከነአስታማሚው እንረከባለን። እንደ እኔ እምነት የመጀመሪያው ትልቅ ችሎታ መርፌ መውጋት ሳይሆን መረካከብ ነው። ከሌሊት ተረኛዋ ስትረከቡ በር ላይ ቆማችሁ «ሁሉም ደኅና ናቸው» የሚል ቃል አትቀበሉ፤ ከእሷ ጋር አልጋ በአልጋ ዙሩ፤ ግሉኮሱ ስንት እንደቀረው፣ ካኑላው የገባበት ቦታ አብጦ እንደሆነ፣ ኦክስጅኑ በትክክል እየወጣ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። የደከማት ባልደረባ ቶሎ ወደ ቤቷ መሄድ ትፈልጋለች፤ ያም ሆኖ አሥር ደቂቃ ብታስቆዩአት አትቀየማችሁም።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ወር ልሳሳት ለጥቂት የቀረሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጎን ለጎን የተኙ ሁለት አዛውንቶች የሁለቱም ስም ተሰማ ነበር። ለአንደኛው የታዘዘውን መርፌ ይዤ ወደ አንዱ አልጋ ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ተሰማ እርስዎ ነዎት?» ስላቸው «አዎ ልጄ» አሉኝ። ልወጋቸው ስል አስታማሚ ልጃቸው «እሱ መርፌማ ጠዋት ተሰጥቶታል» ባይለኝ ኖሮ ለአንዱ ተሰማ የታዘዘውን ለሌላው ሰጥቼ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ «እርስዎ እገሌ ነዎት?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» እላለሁ፤ ከዚያ ከካርዳቸው ጋር አመሳክራለሁ። የእኛ አገር ሽማግሌ ጆሮው ባይሰማም ላለማስቀየም ሲል አዎ ይላል። ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድና ትክክለኛ ሰዓት እያልን በክፍል በቃል ያጠናነው ነገር ለምን እንደተደነገገ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ጋር ስሌቱም አለ። አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በስምንት ሰዓት እንዲያልቅ ቢታዘዝና የያዛችሁት የግሉኮስ ማውረጃ ቱቦ አንድ ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ የሚሰጥ ቢሆን፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ይህን በዓይን ግምት ማድረግ የሚቻል ይመስላል፤ አይቻልም። ሰዓት ይዞ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ተመልሶ መቁጠር ነው፤ ታካሚው እጁን ባጠፈ ቁጥር ፍጥነቱ ይለወጣልና።

የሕፃናት ትንፋሽም እንዲሁ ነው። ከመንዝ የምትመጣ እናት ልጇን በዝተት ጠቅልላ፣ በላዩ ላይ ጋቢ ደርባ ነው የምትመጣው፤ «ግለጪው» ስትሏት ብርድ ይመታብኛል ብላ ትሰጋለች፤ ስጋቷም እውነት ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ የተቆጠረ ትንፋሽ ግን ምንም አይነግራችሁም። እኔ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ጡት እንድታጠባው ወይም እንድታባብለው እነግራታለሁ፤ ጸጥ ሲል ደረቱን ብቻ ገልጬ ስድሳ ሰከንድ ሙሉ እቆጥራለሁ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። አስቀድሞ በጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ማድረግ የሚመርጡ አዲስ ባልደረቦች አሉ፤ መለኪያው ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሰውም ቢሆን ከቆላው ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ እንደሚችል፣ የቀዘቀዘ ጣትም ቁጥሩን እንደሚያዛባ ማወቅ አለባቸው። ጣቱን አሙቁት፤ ደረቱንም እዩት።

ስለ ጸበል አንድ ቃል ልበል። ሸንኮራ ዮሐንስ ከርመው የሚመጡ ታካሚዎች አሉን፤ መድኃኒታቸውን አቋርጠው የመጡም አሉባቸው። ገና ተመርቃ የመጣች ነርስ ብዙ ጊዜ ትቆጣለች፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። የተቆጣሁባቸው እናት በቀጠሯቸው ቀን አልተመለሱም። አሁን «ጸበሉን ሲጠጡ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ይወስዱ ነበር?» ብዬ ነው የምጀምረው፤ ሁለቱን አብሮ መውሰድ የተከለከለ አለመሆኑን ከነርስ ይልቅ ከንስሐ አባታቸው መስማት የሚሹ ከሆነም አባን እንዲጠይቁ እመክራለሁ። ሰው ሳይፈራ እውነቱን የሚነግራችሁ ከሆነ የቀረው ሥራ ይቀላል።

የእህቴ ልጅ ትናንት ማታ እንደገና ደወለች። ሰኞ ከአጎቷ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ትመጣለች፤ ሁለት ኮሌጆችን መርጣ የዕውቅና ወረቀታቸውን ልታይ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ከዋርድ ሲወጡ በሆስፒታሉ በር አካባቢ እንድንቀመጥ ተስማምተናል፤ ሻዩን እኔ እጋብዛቸዋለሁ። ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ገዝቼላታለሁ፤ ለየትኛውም ኮሌጅ ያስፈልጋታል። ከጋውን ሥር የምትለብሰውን ሹራብ ግን እናቷ ከመንዝ በግ ፀጉር እየሠራችላት ነው አሉ።